ለደብረ ብርሃን፣ ለመንዝና ለአንኮበር ልጆች፦ የጀብዱ መጽሐፍ ስትመርጡ

ልጆቼ፣

ክረምት ሲቃረብ ከቤተ መጻሕፍት ደጃፍ የማይጠፋ ጥያቄ አለ፦ «አዲስ የጀብዱ ልብ ወለድ አለ? ምትሃት ያለበት፣ የጠፋ ሰው የሚፈለግበት?» ጥያቄው ደስ ያሰኛል። መልሱ የመጻሕፍት ስም ብቻ ከሆነ ግን ብዙ አይጠቅማችሁም። ብዙ መጽሐፍ ገጽ 40 ላይ ታጥፎ የሚመለሰው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ለዚያ አንባቢ ጊዜው ስላልደረሰ ነው። አሥር ጀምሮ ከመተው አንዱን መጨረስ ይበልጣል፤ ያንን አንድ የጨረሰ ልጅ ሁለተኛውን ማንም ሳይነግረው ፈልጎ ይመጣል። ስለዚህ ከስሞቹ በፊት አመራረጡን ላስቀድም።

መጽሐፍ ስታነሱ የመጀመሪያውን ገጽ አትመኑት። ደራሲ ሁሉ መግቢያውን ያሳምራል። መሃሉን ገልጣችሁ አንድ ሙሉ ገጽ አንብቡ፤ ትርጉሙ የጠፋባችሁ ቃል ባጋጠማችሁ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። አንድም ካልታጠፈ መጽሐፉ ቀሏችኋል፤ ለመዝናኛ ይሆናል። ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ልካችሁ ነው። አምስቱም ከታጠፉ ለሚመጣው ዓመት አቆዩት። የምናብ ልብ ወለድ (ምትሃትና የተፈጠረ ዓለም ያለበት) ላይ ግን ይህ መለኪያ አንድ ማረሚያ ይፈልጋል፦ ደራሲው ራሱ የፈጠራቸው ቃላት አይቆጠሩም። የአገሩን፣ የጎሳውን፣ የአስማቱን ስም እንግሊዝ አገር የተወለደ አንባቢም አያውቀውም፤ ደራሲው ቀስ እያለ ይፈታዋል። እንዲህ ያለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ፊደል ይጀምራል ወይም በጋደለ ፊደል ይታተማል። ይህን ያላወቀ ተማሪ መዝገበ ቃላት ታቅፎ የሌለ ቃል ሲፈልግ ያመሻል፤ በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን ይተወዋል።

ሌላው መሰናክል የስም ብዛት ነው። የምናብ መጽሐፍ በመጀመሪያዎቹ 50 ገጾች ሰዉንም አገሩንም በአንድ ጊዜ ያስተዋውቃል፤ እዚያ ላይ ነው አንባቢ የሚደክመው። ከደብተር አንድ ቅጠል ቀዳችሁ ለሁለት እጠፉት። በግራ የሰው ስም፣ በቀኝ የቦታ ስም ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሦስት ቃል ብቻ፦ «የአባቱ ጠላት፣ አንካሳ»። ወረቀቱ ዕልባትም ይሆናችኋል። አሥራ አምስት ስም ከሞላ በኋላ መጻፉን ተዉት፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሰው አስፈላጊ ከሆነ ታሪኩ ራሱ ያስታውሳችኋል።

ዘጠነኛ ክፍል ስትገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን በዚያ ቋንቋ ልብ ወለድ ማንበብ ሁለት ጥቅም አለው። ግን በልኩ ይሁን። ለጀማሪ አንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ያህል ቢወስድ ግማሽ ሰዓት አሥር ገጽ ያስነብባል። 300 ገጽ ያለው መጽሐፍ በ30 ማታ ያልቃል። 500 ገጽ ያለው ሐምሌ 1 ከተጀመረ ነሐሴ 20 ይደርሳል፤ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ማለት ነው። የሚያበላሸው በመጀመሪያው ማታ 60 ገጽ አንብቦ አራት ቀን ማረፍ ነው፤ በአምስተኛው ቀን ማን ማን እንደሆነ ይጠፋል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ አሥሯን ገጽ በቀን ብርሃን ጨርሱ። የመንዝ ልጆች ደግሞ ባናችሁን ተከናንባችሁ ስታነቡ ተኝታችሁ አይሁን፤ ሙቀቱና እንቅልፉ ከሦስተኛው ገጽ አያሳልፉም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፦ ጥሩ የምናብ ልብ ወለድ በምን ይታወቃል? በዘንዶው ትልቅነት አይደለም። የፈጠረው ዓለም የራሱ ሕግ አለው ወይ? ሕጉንስ ይጠብቃል? ይህን ለመመዘን እናንተ ከብዙ አገር አንባቢ የተሻለ ቦታ ላይ ናችሁ። ከጣርማ በር ብርድ ተነስቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ጋቢውን መንገድ ላይ ያወልቃል። ደብረ ሲና ሲደርስ አየሩ ይለወጣል፤ ዝቅ ሲል እህሉም ዛፉም ሌላ ነው። ይህን መንገድ የምታውቁ ልጆች፣ ደራሲው ጀግናውን ከተራራ ወደ በረሃ ሲያወርደው ውሃውን፣ የበቅሎውን ድካም፣ የልብሱን ነገር አስቦበት እንደሆነ ወዲያው ትለያላችሁ። ሦስት ቀን በረሃ ተጉዞ ያልጠማው ጀግና ካጋጠማችሁ ደራሲው አልተጠነቀቀም። አስማትም እንደዚሁ ዋጋ ሊኖረው ይገባል። አስማተኛው ኃይሉን ሲጠቀም የሚደክም፣ የሚያረጅ ወይም የሚወደውን የሚያጣ ከሆነ እያንዳንዱ ውጊያ ያስጨንቃል። ያለ ዋጋ የሚገኝ ኃይል ግን ጭንቀቱን ይገድለዋል፤ ጀግናው በተያዘ ቁጥር አዲስ ተአምር ብቅ ካለ 100ኛው ገጽ ላይ ትሰለቻላችሁ፤ ጥፋቱም የእናንተ አይደለም።

ስሞቹን በቅለታቸው ቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አንባቢ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የቢ. ቢ. አልስተን «አማሪ ኤንድ ዘ ናይት ብራዘርስ» ጥሩ መነሻ ነው። አንዲት ልጅ የጠፋ ወንድሟን ስትፈልግ ከዓለም የተሰወረ ቢሮ ታገኛለች። ምዕራፎቹ በፍጥነት ይሄዳሉ፤ አስፈሪውም ልኩን አያልፍም።

ከዚያ ቀጥሎ ከሁሉ አስበልጬ የማስነብበው የኔዲ ኦኮራፎር «አካታ ዊች» ነው (እ.ኤ.አ. 2011)። ባለታሪኳ ሰኒ የ12 ዓመት ልጅ ናት፤ አሜሪካ ተወልዳ ናይጄሪያ የምትኖር፣ ቆዳዋ ፀሐይ የማይችል አልቢኖ። በዚያ መጽሐፍ የስውሩ የአስማተኞች ማኅበረሰብ ገንዘብ ከዕውቀት ጋር የተሳሰረ ነው፦ ሰው አንድ ነገር በተማረ ቅጽበት ከላይ የብረት ዘንግ እግሩ ሥር ይወድቅለታል። በንግድ ወይም በዝርፊያ ሳይሆን በመማር ብቻ የሚገኝ ሀብት! ከላይ «ሕግ ያለው ዓለም» ያልኩት ይህን ነው። በዚያ ላይ ሌላው ሰው እንደ ጉድለት የሚያየው ነገር የኃይል ምንጭ ይሆናል። አንድ ጥንቃቄ፦ ይኸው መጽሐፍ በናይጄሪያና በእንግሊዝ «ዋት ሰኒ ሶው ኢን ዘ ፍሌምስ» ተብሎ ታትሟል። ሁለት መጽሐፍ መስሏችሁ ሁለት ጊዜ እንዳትገዙ። ተከታዮቹ «አካታ ዎሪየር» (2017) እና «አካታ ውመን» (2022) ናቸው።

አሥራ አምስት ዓመት ለሞላችሁ የቶሚ አዴየሚ «ቺልድረን ኦቭ ብለድ ኤንድ ቦን» (እ.ኤ.አ. 2018) አለ። ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ግድያና ግፍ ስላለበት ለታናናሾቻችሁ አትስጡ። በተለያዩ ሰዎች አንደበት ስለሚተረክ የተራኪው ስም በየምዕራፉ አናት ላይ ተጽፏል፤ ያንን ስም እየዘለለ ያነበበ ሰው «እኔ» የሚለው ማን እንደሆነ ይምታታበትና መጽሐፉን ይወቅሳል።

ምትሃት ለማይወዱ፣ ታሪክ ለሚወዱ የኤልሳቤት ሌርድ «ዘ ፕሪንስ ሁ ዎክድ ዊዝ ላየንስ» (እ.ኤ.አ. 2012) ይሁናችሁ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ በ1868 እ.ኤ.አ.፣ ወደ እንግሊዝ ስለተወሰደው ስለ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው። ለእናንተ ሌላም ነገር ያስታውሳል፦ ከዚያው አምባ ከሦስት ዓመት በፊት አምልጦ ሸዋ የገባው ወጣት ምኒልክ ነበር። አንዱ አምልጦ ነገሠ፤ ሌላው ተወስዶ በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የጀብዱ ልብ ወለድ መጻፍ ከእናንተ የሚጠበቅ ይመስለኛል።

በአማርኛ መሠረቱን ማወቅ ለምትፈልጉ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ፣ ዛሬ «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ንጹሕ ጀብዱ ነው፤ ልጅቱ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። አጭር ነው፤ አማርኛው ግን ያረጀ ስለሆነ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ለዓይን የከበደው ለጆሮ ይቀላል። ከቅርቡ ደግሞ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ስለላውን ከጣና ገዳማት ጋር አያይዞ ይሮጣል፤ «ራማቶሓራ» ተከታዩ ስለሆነ በዚያ አትጀምሩ።

ተከታታይ መጽሐፍ ላይ ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ሁለተኛውን ቅጽ አንስቶ «አልገባኝም» ማለት። ጀርባውንና የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች እዩ፤ «በዚሁ ደራሲ» የሚል ዝርዝር ካለ ቅደም ተከተሉ እዚያ አለ። አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ መጽሐፍ እንዲገዛላችሁ ስትልኩ የመጽሐፉን ስም፣ የደራሲውን ስምና የቅጹን ቁጥር በወረቀት ጻፉለት። በቃል የተነገረው ሰው 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሌላ መጽሐፍ ይዞ ይመለሳል። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ስትገዙ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት የመጨረሻውን ቅጠል እዩ፤ የጀብዱ መጽሐፍ መጨረሻው ከተቀደደ ምን ይሠራል? በጣም የሳሳ ሆኖ ታዋቂ ስም ከያዘም ለቋንቋ ተማሪዎች ያጠረ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ መጥፎ አይደለም፤ ሙሉውን አነበብኩ ግን አትበሉ። በስልክ የምታነቡም እንደዚሁ የመጨረሻውን ገጽ አስቀድማችሁ ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ የሚዞረው ናሙና፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ብቻ ነው።

ስለ ወላጆቻችሁ አንድ ነገር ልበል። «አስማት» የሚል ቃል ሽፋኑ ላይ ሲያዩ የሚከፋቸው አሉ፤ ቅሬታቸው ከፍቅር ነው፤ መጽሐፉን አትደብቋቸው። ሁለት ምዕራፍ በአማርኛ እየተረጎማችሁ አንብቡላቸው። ጅብና ቀበሮ የሚነጋገሩበትን ተረት ያወሩላችሁ እነሱ ናቸው፤ «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ያላችሁትም ለዚህ ነው። ከሰሙ በኋላም ካልፈቀዱ ምትሃት የሌለበት ጀብዱ ሞልቷል፤ ከላይ የጠቀስኩት የዓለማየሁ መጽሐፍ አንዱ ነው።

አንድ መጽሐፍ ለአምስት ልጅ ሲሆን ከፋፍሎ መቅደድ የሚያስቡ አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት። በሙጫ የተጠረዘ መጽሐፍ አንድ ቅጠል ሲለቅ ጎረቤቱም ይለቃል። አዲሱን መጽሐፍ መሃሉን ገልጣችሁ አትጫኑት፤ ጀርባው ይሰነጠቃል። በአከርካሪው ጠረጴዛ ላይ አቁሙት፤ ከፊት ጥቂት ቅጠል፣ ከኋላ ጥቂት ቅጠል እያላችሁ በጣት ለስለስ አድርጋችሁ ወደ መሃል ድረሱ። ሽፋኑን በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ልበጡት። ተራውን ከውስጥ በተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት ላይ በስምና በመመለሻ ቀን ጻፉ።

ለጓደኛ ስትመክሩም «በጣም አሪፍ ነው» አይበቃም። በግማሽ ወረቀት አራት ነገር ጻፉ፦ ጀግናው ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይከለክለዋል፣ ለስንተኛ ክፍል ይስማማል። ታሪኩን ከአንድ አራተኛው በላይ አትንገሩ። ያልወደዳችሁትንም ጻፉ፤ «መሃሉ ይጎትታል፣ ከገጽ 180 በኋላ ይሮጣል» ያለ ወረቀት አንዱን ልጅ ከገጽ 150 ላይ ከመተው ያድነዋል። ወረቀቱን ከኋላ ሽፋኑ ውስጥ ክተቱት፤ ቀጣዩ ልጅ ከሥሩ የራሱን ይጨምርበታል።