ጩኸቱ ከመምጣቱ በፊት ምን ነበር?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ኦቲዝም፣ ማለትም ከልጅነት ጀምሮ መግባባትንና የስሜት ሕዋሳትን ስለሚነካ የአእምሮ እድገት ልዩነት ናቸው። አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 6 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት ከተነገረን ሁለት ዓመት ሆነን። ጸጉር ማስቆረጥ ለኛ ምጥ ነው። ቶንዶሱን ገና ሲያይ ይጮኻል፣ ራሱን ይመታል። ሁለት ሰው ይዞት ነው የሚቆረጠው። ቤት ከገባን በኋላ እንኳ አንድ ሰዓት ያለቅሳል። ዘመድ ሁሉ “አሞላቅቀሽው ነው፣ ቅጪው” ይለኛል። ሲብስብኝ መትቼው አውቃለሁ። ምን ላድርግ? — የደከማት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ የጻፍሽው አንድ ነገር ብዙ ይናገራል። ቶንዶሱ ከጠፋ፣ ቤት ከገባችሁ በኋላም አንድ ሰዓት ያለቅሳል ብለሻል። የቅብጠት ለቅሶ የፈለገውን ሲያገኝ ያቆማል። ይሄ ግን ከአቅሙ በላይ የሆነበት ልጅ ለቅሶ ነው፣ ቁጣም ዱላም አያቆመውም። መምታትሽ እንደቆጨሽ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። ከዛሬ ጀምሮ ተዪው፣ ፍርሃቱን ነው የሚጨምርበት።

ብዙ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታና ንክኪ እኛ በምንሰማው ልክ አይሰማቸውም። አንዳንዱ በጣም ይበዛባቸዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ አይሰማቸውም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2013 እ.ኤ.አ. የመመርመሪያ መመሪያውን ሲያድስ ይህን ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ አድርጎ አስገብቶታል። አሁን ወንበሩ ላይ እሱን ሆነሽ ተቀመጪ። ጆሮ ሥር የሚንጫረር ማሽን አለ፣ አንገት ላይ የታሰረ ጨርቅ አለ፣ የተቆረጠው ጸጉር ይወጋል፣ የማያውቀው ሰው ጭንቅላቱን ይዞታል፣ መቼ እንደሚያልቅም የነገረው የለም።

ከነዚህ የትኛው እንደሚብስበት ማወቅ የመጀመሪያው ሥራሽ ነው። ደብተር ያዢ። ጩኸት በመጣ ቁጥር ሦስት ነገር ብቻ ጻፊ፦ ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ እሱ ምን አደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ። ሁለት ሳምንት ብትጽፊ የሚደጋገመው ነገር ራሱ ይወጣልሻል።

ድምፁ ከሆነ በመቀስ ይቆረጥ። ወይም ቶንዶሱን ሌላ ክፍል ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ክፈቺው፣ እሱ የሚወደውን እየተጫወተ፤ በሌላው ቀን በሩ ጋ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ቶንዶሱ ጠፍቶ እያለ ልጁ ራሱ ይያዘው፣ እንዲህ እያልሽ እሱ በፈቀደው ፍጥነት ቅረቢ። የሚወጋው ጸጉር ከሆነ ሸሚዙን አውልቆ ይቆረጥና ወዲያው ይታጠብ። ማለቂያውን አለማወቁ ከሆነ ደግሞ እስከ 10 ቁጠሪና 10 ላይ አቁሚ። ግማሽ ጭንቅላት ቢቀር እንኳ አቁሚ! አንዴ ቃልሽን ካጠፍሽ ቆጠራው ዋጋ የለውም። የቀረው ነገ ይቆረጣል፣ ሰው ምን ይላል አትበይ። ይዞ መቁረጥ የዛሬውን ይጨርሳል፣ የሚቀጥለውን ግን ያከብደዋል።

ጩኸቱ ከመጣ ወሬ ቀንሺ። “ምን ሆንክ?” እያልሽ አትጠይቂው፣ በዚያ ሰዓት ቃል ራሱ ሸክም ነው። ብርሃኑን ቀንሺ፣ ሰው አስወጪ፣ ራሱን እንዳይጎዳ ብቻ ከአጠገቡ ሁኚ። እና ደግሞ ሳይለምድበት ድንገት ራሱን መምታት ወይም አለመተኛት ከጀመረ ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን አስመርምሪው። ሕመሙን በቃል መናገር የማይችል ልጅ በሌላ መንገድ ነው የሚናገረው።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄ 4 ዓመቷ ነው፣ አትናገርም። ባለሙያዋ የፈለገችውን ነገር ስዕል እየሰጠች እንድትጠይቅ በስዕል ካርድ አስጀመረቻት። ካርዱን ከለመደች ለመናገር አትሰንፍም ወይ? ደግሞስ እናትየው ሥራ በዝቶባት ስላላጫወተቻት ይሆን? — አያት

መልስ፦ እማማ፣ አትሰንፍም። ካርድ ንግግርን እንደማያስቀር በጥናት ታይቷል፣ እንዲያውም አንዳንድ ልጆች በካርድ ጀምረው ነው ቃል ያወጡት። እርስዎም ሲያናግሯት ካርዱን ይጠቁሙ፣ ቃሉንም ይበሉላት። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ፣ በልብዎ እስከ 10 ይቁጠሩ። ካርድ ሰጥታዎት “መጀመሪያ ተናገሪ” ብለው አይከልክሏት፣ ተናግራለች እኮ። ጆሮዋ ካልተመረመረ ይመርመር።

ስለ እናትየው ያሉት ግን ልክ አይደለም። “ኦቲዝም የቀዝቃዛ እናት ውጤት ነው” የሚል ሐሳብ ድሮ በሐኪሞችም ዘንድ ነበር፣ ስንቷን እናት አንገት አስደፍቷል፤ ስሕተት መሆኑ ታውቆ ከተተወ ቆይቷል። ይህን ለእናቷ ይንገሯት፣ ከእርስዎ አፍ ቢወጣ ይቀላታል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። መጋዘን ውስጥ ዕቃ መቁጠር ጀመረ፣ ሥራውን ይወደዋል። ግን አለቃው “ይቺን ነገር እያት” ሲለው አይቶ ይመለሳል። ምሳ ብቻውን ይበላል። ማታ ማንንም አያናግርም። አለቃውን ሄጄ ላናግረው? — ታላቅ ወንድም

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሱን ሳትጠይቅ አትሂድ። ትልቅ ሰው ነው፤ ስለ ኦቲዝሙ ማን ይወቅ የሚለው የሱ ውሳኔ ነው። ከፈቀደልህ ለአለቃው የምትነግረው አጭር ነው፦ ትእዛዝ በጽሑፍ፣ አንድ በአንድ፣ በቁጥርና በሰዓት። አለቃው “እያት” ሲል “ሥራት” ማለቱ ነው፤ ወንድምህ ግን ቃሉን እንዳለ ነው የወሰደው። ስለዚህ “እያት” ሳይሆን “እስከ 5 ሰዓት 40ውን ካርቶን ቆጥረህ እዚህ ወረቀት ላይ ጻፍ”። ፕሮግራም የሚቀየር ከሆነ ዋዜማውን ይነገረው።

የሕፃናት የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ ኦቲዝም በጻፈው ጥናት ውስጥ ከነበሩት 11 ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ነው። አድጎ ለብዙ ዓመታት ባንክ ውስጥ ሠርቷል፣ መኪና ነድቷል፣ ብቻውን አገር ለአገር ዞሯል። በ2023 እ.ኤ.አ. በ89 ዓመቱ አረፈ። ቤተሰቡ የባንኩ ባለቤት መሆኑ ረድቶታል፣ ያም ሆኖ የከተማው ሰው እንዳለ ተቀብሎት መኖሩ ለኔ ትልቁ ነገር ነው።

ምሳ ብቻውን መብላቱ ብቸኝነት ነው ብለህ አትቸኩል፣ ዕረፍቱ ሊሆን ስለሚችል ጠይቀው። የማታውም ዝምታ ቀኑን ሙሉ እንደ ሌላው ሰው ለመምሰል ሲታገል የዋለ ሰው ድካም ሊሆን ይችላል። ሲገባ “ሥራ እንዴት ነበር?” ብለህ በር ላይ አትቀበለው። ለአንድ ሰዓት ያህል ተወው፣ ከዚያ አጠገቡ ሂድና ዝም ብለህ ተቀመጥ። ምናልባት ወሬውን የሚጀምረው ከካርቶኖቹ ቁጥር ይሆናል። እሱን ስማው።