«ነሐሴ ላይ ዱባይ ይቻላል?» ላልሽው እህት

«ነሐሴ ላይ ከእናቴ ጋር ለስድስት ቀን ዱባይ ልሄድ ነው፤ ሙቀቱ እውነት ነው ወይስ ሰው አጋኖት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አላጋነኑም። እኔም አምና ሐምሌ ላይ እናቴን ይዤ ወንድሜ ጋ ሄጄ ነበር። የቪዛና የትኬቱን ነገር ሌሎች ይንገሩሽ።

1. «ሙቀት ለምጃለሁ» የሚባለውን ነገር ቦሌ ጥለሽው ሂጂ። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ወንድሜ «ጥር ላይ ኑ» ሲለኝ «ሙቀት ለኔ ልትነግረኝ?» ብዬ ስቄበታለሁ። የድሬ ሙቀት ግን ደረቅ ነው፤ ጥላ ስር ከገባሽ ይቀልልሻል። የዱባዩ የባሕር እርጥበት አለበት። ላብሽ አይደርቅም፤ ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። እኩለ ሌሊት ላይ ከኤርፖርቱ በር ስንወጣ መነጽሬ ባንዴ ጉም ለበሰ። እማዬ «ማነው እዚህ እንጀራ የሚጋግረው?» አለች። አክንባሎ ሲነሳ ፊት ላይ የሚመጣውን እንፋሎት ታውቂው የለ? እሱ ነው።

2. ሹራብ ያዢ። አትሳቂ። ሞሉም ሜትሮውም ፍሪጅ ነው። እማዬ ዱባይ ሞልን ጋቢ ተከናንባ ነው የዞረችው። እኔ አፍሬ ነበር፤ ስንቀጠቀጥ የዋልኩት ግን እኔ ነኝ።

3. ካርታው «በእግር 12 ደቂቃ» ሲልሽ አትመኚው። የኔ ጉድ እዚህ ላይ ነው።

ወንድሜ ዴራ የሚባለው የዱባይ ሰፈር ነው የሚኖረው። በሦስተኛው ቀን፣ ቀን 7 ሰዓት ላይ ከዩኒየን ሜትሮ ጣቢያ ወጣን። ታክሲው ቢበዛ 15 ድርሃም ነው። እኔ ወደ ብር መታሁትና «ለ12 ደቂቃ መንገድ ይሄን ሁሉ?» አልኩ። መንገዱ ላይ ሰው የሚባል የለም። መንቃት የነበረብኝ ያኔ ነበር። ለካ እዚያ አገር በፈረንጆቹ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ሠራተኛን ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ግንበኛው እንኳ ጥላ ስር ባረፈበት ሰዓት እኔ የ63 ዓመት እናቴን በእግር ነዳኋት። ውሃም አልያዝንም። ሜትሮ ውስጥ መጠጣት 100 ድርሃም ያስቀጣል ስባል ጠርሙሱን ቤት ትቼው ወጣሁ። ክልክሉ መጠጣቱ እንጂ መያዙ አይደለም እኮ!

ግማሽ መንገድ ሳንደርስ እማዬ ወሬ አቆመች። ብታውቂያት ይሄ ብቻውን ያስደነግጥሻል። ከዚያ «ራሴን አዞረኝ» ብላ አንድ የሞባይል ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ባለሱቁ ምንም ሳይጠይቅ አስገባት፣ ወንበሩን ለቀቀላት፣ ውሃ ሰጣት። ልክፈል ብለው እጄን መለሰው። እግዜር ይስጠው።

ከዚያ የወሰድኳት ክሊኒክ ግን ሌላ ነው፤ ስሙ ይቅር። እንግዳ መቀበያ ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ ሳታየን «ኢንሹራንስ?» አለች። ኤጀንቱ «ሁሉም አለበት» ብሎ የሰጠኝን ወረቀት ዘረጋሁ። በሁለት ጣቷ መለሰችልኝ። የሻንጣ መጥፋት አለበት፣ የበረራ መዘግየት አለበት፣ ሕክምና የለበትም። እናቴ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች፣ እኔ «የፓስፖርት ኮፒ አምጣ» ተባልኩ። ኮፒ ማድረጊያው ከጀርባዋ ቆሟል! በዓይኔ አይቼዋለሁ። ለአንድ ግሉኮስ፣ ለደም ምርመራና ለሐኪሙ 870 ድርሃም ከፈልኩ። ወንድሜ እስከዛሬ ሲደውል በስሜ አይጠራኝም፤ «እሺ አሥራ አምስት ድርሃም» ነው የሚለኝ።

እና ወረቀቱን ገንዘብ ሳትከፍይ በፊት አንብቢው። ሕክምና የሚል ቃልና እስከ ስንት እንደሚሸፍን ካልተጻፈበት ሌላ ፈልጊ።

4. አራተኛው ምን ነበር... አዎ፣ ቀኑን ገልብጡት። ከዚያ በኋላ ቀን እየተኛን ማታ ነበር የምንወጣው። ክሪኩን፣ ማለት ከተማው መሃል የገባውን የባሕር ውሃ፣ አብራ በሚባለው ጀልባ መሻገር 1 ድርሃም ነው፤ እማዬ ወዳው በአንድ ምሽት አራት ጊዜ ተመላለስን። ወርቅ ገበያም ማታ ነው የሚያምረው። የግራሙ ዋጋ የዕለቱ ስለሆነ እሱ ላይ አትድከሚ፤ የእጅ ዋጋውን ተከራከሪ። እኔ ለእማዬ ቀለበት ግማሽ አስቀንሻለሁ፤ እዚህ ላይ እንኳ ጎበዝ ነበርኩ።

የሰው አደራ ሳትፈትሺ አትያዢ። ጫት እዚያ እንደ ማንኛውም አደንዛዥ ዕፅ ነው፣ ቀልድ የለም።

ሆቴል ሳይሆን ሰው ቤት የምታርፉ ከሆነ ደግሞ ይሄን ያዢ። የውሃ ታንከሩ ብዙ ጊዜ ጣሪያ ላይ ስለሆነ የቀዝቃዛው ቧንቧ ያቃጥላል። ወንድሜ የሻወሩን ማሞቂያ በጋውን ሙሉ አጥፍቶ ነው የሚከርመው። ማሞቂያው ቤት ውስጥ ስላለ እዚያ ያደረው ውሃ ይሻላል፤ ስለዚህ የምትከፍቺው ቀዩን ነው። እማዬ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላም ሳምንት ሙሉ ቀዩን እየከፈተች ስትጮህ ነበር።