ባለ 34 ጎራሹ የኢቫንስ ካራቢን

ጥያቄ፦ በ19ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የአሜሪካው ኢቫንስ ካራቢን (አጭር ጠመንጃ) 34 ጥይት ይጎርስ ነበር ይባላል። ሌላው የዘመኑ የአሜሪካ ጠመንጃ ስፔንሰር እንኳ በሰደፉ የሚይዘው 7 ብቻ ነው። ያ ሁሉ ጥይት የት ይገባል? ማቀባበያውን አሥር ጊዜ ሠርቼ ምንም ካልወጣስ ባዶ ነው ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር፤ አይችሉም። ምክንያቱ ያው ካዝናው (ጥይት ማከማቻው) ነው።

የሜይን ግዛቱ የጥርስ ሐኪም ዋረን ኢቫንስ ሰደፉን ራሱን ካዝና አደረገው። በውስጡ አራት ቦይ ያለው ዘንግ አለ፤ ዙሪያውን ደግሞ የማይንቀሳቀስ ጠመዝማዛ ከቦታል። ማቀባበያው አንዴ ወርዶ ሲመለስ ዘንጉ ሩብ ዙር ይዞራል፣ ጠመዝማዛውም እያንዳንዱን ጥይት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይመራዋል። ጥይቱን የሚገፋ ሞላ የለም። ስለዚህ ከኋላ የቀረ አንድ ጥይት መጉረሻው ጋ የሚደርሰው ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሲቀባበል ነው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው፣ ጣትዎን ከቃታው አርቀው 40 ጊዜ ያቀባብሉ፤ ከዚያም ጥይት መጉረሻውን በዓይንዎ ይዩ።

ጥይቱ የሚገባው በሰደፉ ጫፍ ካለው ክዳን ነው፦ አንድ ጥይት፣ አንድ ማቀባበል። ሁለቴ ከተቀባበለ መሐል ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ በተኩስ ጊዜም ያ ተራ ሲደርስ መምቻው በባዶ ይመታል። ቆጠራው ከተሳተ ደግሞ የፊተኛው ጥይት ሳይታሰብ ይጎርሳል፣ መምቻውም ተወጥሮ ይቆያል። ማቀባበያውን እስከ መጨረሻው አለማውረድ ሌላው ጥፋት ነው፤ ጥይቱ መንገድ ላይ ይቀረቀራል። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ የሚመሰገን ነገር አለው፤ ጠመዝማዛው ጥይቶቹን ስለሚለያይ የአንዱ ጫፍ የሌላውን ካፕሱል (ሲመታ ጥይቱን የሚያስነሳውን ክፍል) አይነካም።

ጥያቄ፦ 28 ጎራሽ ነው የሚሉም አሉ። የትኛው እውነት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም። የቀድሞው ሞዴል ቀለሁ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ አጭር ጥይት ይወስዳል፣ 34 ይይዛል። አዲሱ ቀለሁ ወደ 39 ሚሊ ሜትር ስለረዘመ ቁጥሩ 28 ሆነ። ስፋታቸው አንድ፣ 11 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ቢሆንም አንዱ በሌላው አይተካም። ለመለየት ሰደፉን ይመልከቱ፤ በመጀመሪያዎቹ ላይ እንጨቱ ከላይ ብቻ ነው፣ ከሥር ብረቱ ራቁቱን ይታያል።

ፋብሪካው ሜካኒክ ፎልስ በተባለች ከተማ ከ1873 እስከ 1879 (እ.ኤ.አ.) ሠርቶ፣ ትልቅ የመንግሥት ግዢ ሳያገኝ ተዘጋ።