የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሕይወት ሳይንስና የሕክምና ቴክኖሎጂ ማዕከላት ለምን በአንድ አካባቢ ይሰባሰባሉ?

ጥያቄ፦ በተለያዩ አገሮች የሕይወት ሳይንስና የሕክምና ቴክኖሎጂ የምርምር ማዕከላት በአንድ አካባቢ ተሰባስበው እንደሚሠሩ አነባለሁ። ተመራማሪዎች በኢንተርኔት እንደልባቸው መገናኘት በሚችሉበት በዚህ ዘመን ጎረቤት መሆናቸው ምን ይጠቅማል? ዘመናዊ ሕንፃና መሣሪያ ያሟላ ክልል ሁሉስ ማዕከል መሆን ይችላል? (የባዮሎጂ መምህር)

መልስ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብንነሣ፣ ሕንፃና መሣሪያ የግድ ቢያስፈልጉም ብቻቸውን ማዕከል አይፈጥሩም። ለዚህ በደቡብ ስዊድን በሉንድ ከተማ የሆነውን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በከተማዋ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የልብ ሐኪም የነበሩት ኢንገ ኤድለር፣ በሽተኛው ወደ ቀዶ ሕክምና ከመግባቱ በፊት ማይትራል የተባለው የልብ ቫልቭ የጠበበ ይሁን ወይም በወጉ የማይገጥም፣ በእርግጠኝነት የሚለዩበት ዘዴ አልነበራቸውም። ችግራቸውን በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ ለነበሩት የፊዚክስ ባለሙያ ለሄልሙት ኸርትስ አማከሩ። ኸርትስ በአቅራቢያው በምትገኘው በማልሞ ባለው የኮኩምስ መርከብ ማምረቻ፣ በብረት ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅ በድምፅ ሞገድ የሚፈተሽበት መሣሪያ እንዳለ ያውቁ ነበርና ሄደው በራሳቸው ደረት ላይ ሞከሩት፤ ከልባቸው ምት ጋር የሚንቀሳቀስ ምልክትም በመሣሪያው የማሳያ መስታወት ላይ ታየ። ከዚያም ከጀርመኑ ሲመንስ ተመሳሳይ መሣሪያ በውሰት አግኝተው፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1953 የልብን እንቅስቃሴ በአልትራሳውንድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገቡ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚሠራው የልብ አልትራሳውንድ መነሻው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሐኪሙ ችግር በየትኛውም መጽሔት ላይ ያልወጣ፣ መልሱ በየትኛው ሙያ ውስጥ እንዳለ እንኳ ያልታወቀ መሆኑ ነው። ኢንተርኔት ጥያቄው ተለይቶ ለታወቀ ሰው ታላቅ አገልግሎት ይሰጣል፤ ገና መልክ ያልያዘ ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታው ሐኪሙ፣ የፊዚክስ ባለሙያውና ብረት ሠሪው በሚገናኙበት ቦታ ነው።

በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ የሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 መብራት በመጥፋቱ ከግድግዳ ሶኬት ኤሌክትሪክ የሚወስዱት የልብ ምት ማስተካከያዎች ለምን ያህል አደጋ የተጋለጡ እንደሆኑ ገሃድ ሲወጣ፣ የልብ ቀዶ ሐኪሙ ዋልተን ሊለሃይ መፍትሔ የጠየቁት የሆስፒታሉን መሣሪያዎች ይጠግኑ የነበሩትን ኤርል ባከንን ነበር። ባከን በሳምንታት ውስጥ በባትሪ የሚሠራና በሽተኛው አንግቶት የሚንቀሳቀስበትን መሣሪያ አደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1949 በአንድ ጋራዥ የተመሠረተው ኩባንያቸው ሜድትሮኒክ በዓለም ከታወቁት የሕክምና መሣሪያ አምራቾች አንዱ ሆነ፤ ከእሱ የወጡ ሠራተኞችም በዚያው አካባቢ የየራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። በእኔ አስተያየት የአንድ ማዕከል እውነተኛ ሀብት ይህ ነው፤ ባለሙያው ሥራ ሲቀይር ከተማ መቀየር ስለማያስፈልገው ዕውቀቱ እዚያው ይቀራል።

ሌላው ጊዜ ነው። የስዊዘርላንዷ ባዝል ዛሬ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ መዲና የሆነችው በ19ኛው መቶ ዘመን በራይን ወንዝ ዳር በተተከሉት የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካዎች የኬሚስትሪ ዕውቀት ላይ ቆማ ነው፤ ይህን በአምስት ዓመት ዕቅድ ለመድገም የሚነሣ ሁሉ ማዘኑ አይቀርም። የአስተዳደር ድንበርም ቢሆን የግድ እንቅፋት አይደለም። ሜዲኮን ቫሊ የሚባለው አካባቢ የዴንማርክን ኮፐንሃገንና የስዊድንን ማልሞና ሉንድ አጣምሮ የያዘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው የኧረሱንድ ድልድይ የሁለቱን አገሮች ባለሙያዎች ይበልጥ አቀራርቧቸዋል። እንግዲህ አዲስ ማዕከል ለማቋቋም የሚያስብ ክልል ምክሬን ቢጠይቀኝ፣ ከሕንፃው በፊት ሐኪሞች በሳምንት ጥቂት ሰዓታት ከበሽተኛ ክፍል ወጥተው ከመሐንዲሶች ጋር የሚቀመጡበትን ጊዜ በደመወዝ ይሸፍን እላለሁ። ይህ ወጪ ለምርቃት ሪባን ስለማይመች ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያሉ ላቦራቶሪዎች በመኖሪያ ሰፈር መካከል ሲከፈቱ ለነዋሪው አደጋ የላቸውም? (ስማቸው እንዳይገለጽ የጠየቁ አንባቢ)

መልስ፦ አደጋው እንደሚሠራው ሥራ ይለያያል። ላቦራቶሪዎች ከ1 እስከ 4 በሚደርሱ የደኅንነት ደረጃዎች ይመደባሉ። አንደኛው ደረጃ ጤነኛ ሰውን በማያሳምሙ ተሕዋስያን የሚሠራበት ሲሆን፣ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የሚራባበት ላቦራቶሪ ደረጃ 3፣ ኢቦላን የመሰለ ቫይረስ የሚያዝበት ደግሞ ደረጃ 4 ነው። በላይኞቹ ደረጃዎች አየር ከውጭ ወደ ውስጥ ብቻ እንዲነፍስ ይደረጋል፤ የሚወጣውም ተጣርቶ ነው።

የነዋሪ ስጋት ግን ከንቱ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስዋ ካምብሪጅ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 የዘረ መል ቅንጅት ምርምርን (ከተለያዩ ሕያዋን የተወሰዱ ዘረ መሎችን የማጣመር ሥራን) ለጊዜው አግዶ፣ ጉዳዩን የሚያጠና የነዋሪዎች ቦርድ አቋቋመ፤ በቦርዱ ምክርም እ.ኤ.አ. በ1977 ምርምሩ የሚካሄድበትን ደንብ አወጣ። ብዙዎች ደንቡ ኩባንያዎችን ያባርራል ብለው ቢፈሩም፣ ግዴታው አስቀድሞ በግልጽ መታወቁ ባለሀብቶችን አረጋጋ፤ ያቺ ከተማም ዛሬ ከዓለም ታላላቅ የባዮቴክኖሎጂ መናኸሪያዎች አንዷ ናት። እርስዎም በሰፈርዎ የሚከፈተው ላቦራቶሪ ደረጃው ስንት እንደሆነ፣ ፈቃዱን የሰጠው ማን እንደሆነና ቆሻሻው በእንፋሎት ሙቀት ተቀቅሎ ወይስ በሌላ መንገድ እንደሚወገድ ባለቤቶቹን በጽሑፍ ይጠይቁ።