መልስ፦ ከወጣቶች ሊግ ወደ ሐረሪ ክልል ምክር ቤት

ወንድሜ፣ «ሐረር ውስጥ በፓርቲ የወጣቶች ሊግ የጀመረ ልጅ እስከ ክልል ምክር ቤት መድረስ ይችላል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ይችላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ወደ የትኛው ጉባኤ እንደሚያስብ ጠይቀው። ምክር ቤቱ 36 መቀመጫ አለው። ከእነዚህ 22ቱ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ሲሆኑ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው። 14ቱን የሚመርጡት ሐረሪዎች ብቻ ናቸው፤ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩት ሐረሪዎች ሳይቀሩ ድምፅ ይሰጣሉ። ርዕሰ መስተዳድሩን በእጩነት የሚያቀርበውም ይኸው ጉባኤ ስለሆነ፣ ልጁ ሐረሪ ካልሆነ መንገዱ በ22ቱ በኩል ነው።

ዕድሜው ብዙ አያስቸግርም፤ ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ዓመት ይበቃል።

እኔ የምፈራለት ሌላ ነገር ነው። ሊጉ ስብሰባ መምራትን፣ ቃለ ጉባኤ መያዝን፣ የአለቃን ፊት ማንበብን ያስተምራል። (የመጨረሻው ትምህርት ከልክ በላይ ይሰጣል።) የጀጎል፣ ማለትም በግንብ የታጠረችው የጥንቷ ሐረር፣ ሰው ግን ሰውን የሚመዝነው በመድረክ ንግግር አይደለም። በአፎቻ (በሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር) ውስጥ ሰርግና ለቅሶ ላይ መገኘቱን፣ ሽማግሌ ሲናገር ዝም ማለቱን ያያል። በርጫ ላይ ስሙ እንዴት እንደሚነሣም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ኤረር፣ ሶፊ ወይም ድሬ ጥያራ ወረዳ ከሆነ ደግሞ ገበሬው የሚጠይቀው ስለ ውኃ ነው፤ በዚያ ኦሮምኛ ካልቻለ መድከሙ ከንቱ ነው።

ጎረቤቷን ድሬዳዋን ግን ከሐረሪ ክልል ጋር አታምታታ፤ እርሷ ክልል ሳትሆን በቻርተር የምትተዳደርና ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች ከተማ ናት።