ከድርሰት ፈተና ለወጣችሁ ልጆች

ልጆቼ፣

የእንግሊዝኛ ድርሰት ፈተና ተፈትናችሁ ስትወጡ በር ላይ የምትጠያየቁትን በሚገባ አውቀዋለሁ። «መግቢያህን በምን ጀመርከው?» «ስንት አንቀጽ ሞላሽ?» «እኔኮ ተቃውሜ ነው የጻፍኩት፤ እናንተ ደግፋችኋል እንዴ?» ይህችን የመጨረሻዋን የጠየቀ ልጅ መልሱን ሲሰማ ፊቱ ይለዋወጣል። ዕድሜዬን የፈጀሁት እንግሊዝኛ በማስተማርና ድርሰት በማረም ነውና፣ ያ ወረቀት ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚገጥመው ልንገራችሁ። ከጭንቀታችሁ ግማሹ ያለ ቦታው የዋለ ይመስለኛል።

የምርጫ ጥያቄ ላይ መልስ ማመሳከር ቢያንስ ፋይዳ አለው፤ መልሱ «ለ» ከሆነ «ለ» ነው፣ ወይ አግኝታችኋል ወይ ስታችኋል። ድርሰት ግን እንዲህ ያለ መልስ የለውም። ተማሪ ክፍል ውስጥ ስልክ ይያዝ ወይስ አይያዝ ተብሎ ቢጠየቅ፣ «ይከልከል» ያለችውም «ይፈቀድ» ያለውም እኩል ከፍተኛ ማርክ ሊያገኙ ይችላሉ። አራሚው የተቀመጠው በሐሳባችሁ ለመስማማት አይደለም፤ አቋማችሁን በምክንያትና በምሳሌ መደገፋችሁን ነው የሚያየው። የክፍሉ ጎበዝ በሌላ መንገድ ስለሄደ እናንተ ተሳስታችኋል ማለት አይደለም። (ጎበዝ የተባለውም ልጅ የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አይወስደውም፤ እሱን ተዉት።)

ሌላዋ የምታንገበግባችሁ አንዲት ፊደል ናት። «ገቨርንመንት» ብላችሁ ስትጽፉ መሃል ላይ ያለችውን «ኤን» ገድፋችኋል፤ ደረጃውን ወርዳችሁ ሳትጨርሱ ትዝ አለቻችሁ፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ስታቃጭል ታድራለች። አራሚ እንዴት እንደሚያነብ ብታዩ ግን ትገረማላችሁ። በትልልቅ ፈተናዎች ስማችሁን እንኳ አያይም፤ የሚያየው መለያ ቁጥር ነው። ፊቱ የወረቀት ክምር አለ። የእናንተን አንስቶ ከላይ እስከ ታች ያነባል። የተገደፈችው «ኤን» ላይ ዓይኑ ቢያርፍም አይቆይባትም፤ ምን ለማለት እንደፈለጋችሁ ገብቶታልና። እስክሪብቶው የሚቆመው አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ተነቦ አልገባ ሲለው ነው። ንባብን የሚያቋርጥ ስሕተት ያስከፍላል፤ የማያቋርጥ ግን፣ በየመስመሩ ካልተደጋገመ በቀር፣ የሚያጎድለው ጥቂት ነው።

ብዙ ሰው የሚያውቀውን፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ የሚለካበትን የአይልትስ (IELTS) ፈተና እንመልከት። ሁለተኛው የጽሕፈት ክፍል ቢያንስ 250 ቃል የሚጠይቅ ድርሰት ነው፤ 40 ደቂቃ ያህል ስጡት ይባላል። የሚለካውም በአራት መስፈርት ነው፤ ጥያቄውን በመመለስ፣ በሐሳብ ፍሰትና ትስስር፣ በቃላት ሀብት፣ በሰዋስው። አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። ሌሎች ፈተናዎች ነጥባቸውን በየራሳቸው መንገድ ያከፋፍላሉ፤ ቢሆንም ጥያቄውን መመለስና ሐሳብን በቅደም ተከተል ማስኬድ የማይቆጠርበት የድርሰት ፈተና አላጋጠመኝም። እናንተ ግን ከፈተና ወጥታችሁ የምታለቅሱት በሰዋስውና በስፔሊንግ ብቻ ነው።

መጨነቅ ካለባችሁ የሚያስጨንቀውን ልንገራችሁ። ጥያቄው «የሁለቱን ወገን ሐሳብ አይታችሁ የራሳችሁን ግለጹ» ብሎ እያለ አንዱን ወገን ብቻ ይዞ ሦስት ገጽ መሙላት፤ ይህ ማርክ ይበላል፣ እንግሊዝኛው ቢያምርም። ከዚህ የማይሻለው ደግሞ ተሸምድዶ የመጣ አንቀጽ ነው። እየተንገዳገደ ሲሄድ የነበረ ድርሰት ድንገት እንደ ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ መፍሰስ ይጀምራል፣ ከአራት መስመር በኋላ ደግሞ ተመልሶ ይንገዳገዳል። ይህን የማይለይ አራሚ የለም፤ ለተሸመደደውም የሚሰጥ ነጥብ የለም። ሰዓት አልቆባችሁ መደምደሚያውን በአንድ መስመር የዘጋችሁት ግን ብዙም አትታመሙ። መሃሉ ጠንካራ ከሆነ የምታጡት ከምትፈሩት ያነሰ ነው።

«አራሚው ክፉ ቢሆንስ?» ትላላችሁ። ጥያቄያችሁ መሠረት አለው። አሜሪካዊው የፈተና ተመራማሪ ፖል ዲድሪክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት ጥናት 300 ድርሰቶችን ከተለያየ ሙያ ለተውጣጡ 53 አንባቢዎች ሰጡ፤ መስፈርት ሳያስቀምጡላቸው በዘጠኝ ደረጃ እንዲመድቧቸው ጠየቁ። ከ300ው ውስጥ 101ዱ ዘጠኙንም ደረጃ አገኙ! አንዱ አንባቢ ከሁሉ በላይ ያስቀመጠውን ሌላው ከሁሉ በታች አደረገው ማለት ነው። ምክንያቱ ሲመረመር፣ አንዳንዱ ሐሳብን፣ ሌላው ሰዋስውን፣ ሌላው አደረጃጀትን፣ ሌላው የቃላት አመራረጥን፣ ሌላው ደግሞ የጸሐፊውን ለዛ አስቀድሞ እያየ ነበር።

ዛሬ መስፈርቱ ተጽፎ የሚቀመጠው፣ አራሚዎችም ሥራ ሳይጀምሩ በናሙና ድርሰቶች ላይ ተከራክረው ዓይናቸውን የሚያስተካክሉት እንዲህ ያለው ልዩነት ስለሚታወቅ ነው። ብዙ ቦታ አንድ ወረቀት ሁለት ሰው ያነበዋል፤ ማርካቸው በጣም ከተራራቀ ወደ ሦስተኛ፣ ልምድ ወዳለው አራሚ ይሄዳል። በእነዚህ ክርክሮች ላይ ተቀምጫለሁ። ለአንድ ነጥብ ግማሽ ሰዓት የሚሟገቱ ሰዎች አሉ፤ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ! እንዲያም ሆኖ ፍርዱ የሰው ፍርድ ነው፤ አንድ ሁለት ነጥብ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ያንን ነጥብ የጭንቅላታችሁ ልክ አድርጋችሁ እንዳትይዙት እለምናችኋለሁ።

አሁን ምን ታደርጋላችሁ? ነገ ሌላ ፈተና ካለባችሁ ብሉና ተኙ፤ ስለ ድርሰቱ የሚያወራ ጓደኛ ስልክ ቢደውል አታንሱ። ፈተናው ሁሉ ካለቀ በኋላ ግን ጥያቄውንና የጻፋችሁትን ሐሳብ በቅደም ተከተል፣ የምታስታውሱትን ያህል፣ በአንድ ገጽ አስፍሩ። ለመምህራችሁ አሳዩት፤ ከጥያቄው ወጥታችሁ እንደሆነና እንዳልሆነ ከዚያች ገጽ ይታወቃል።

ውጤት ሲመጣ ድምሩን አይታችሁ ብቻ አትዝጉት። በመስፈርት ተከፋፍሎ የተሰጠ ከሆነ የትኛው እንደወረደ ፈልጉ። አላምንበትም ካላችሁም ድጋሚ እርማት መጠየቅ የሚቻልበት ፈተና ብዙ ነው፤ ቀነ ገደቡንና ክፍያውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማርኩ ዝቅ ሊልም ይችል እንደሆነ፣ ማመልከቻውን ሳትሞሉ በፊት አንብቡ።