ሁሉንም አትቀቡት

ልጆች እንዴት ናችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር ልጻፍላችሁ ብዬ ነው፣ በተለይ ላሜራና ቀለም እየተማራችሁ ላላችሁ፣ ቴክኒክና ሙያ ጨርሳችሁ ከጋራዥ ጋራዥ ለምትዞሩ። እኔ እዚህ ባህር ዳር ብረት ስፍቅና ስቀባ አርባ አመት አልፎኛል። የጀመርኩት ወደብ ላይ ነው፣ ጀልባ ከውሃ ሲወጣ ሆዱ ስር በጀርባዬ ተጋድሜ ዝገት መፋቅ፣ ፍቅፋቂው አይኔ ውስጥ እየገባ፣ ያኔ መነጽር ሚባል ነገር ማን ያውቃል። ስራ ያስተማሩኝ ሰውዬ ሶቭየቶች በ1955 ዓ.ም. ያቋቋሙት ፖሊቴክኒክ የተማሩ ነበሩ፣ እጃቸው ወርቅ ምላሳቸው ግን እሬት፣ ፈቅፍቄ ጨረስኩ ስላቸው ጥፍራቸውን ብረቱ ላይ ያስኬዱና ትንሽ ከጎረበጣቸው "እንደገና" ብለው ይሄዳሉ፣ ሌላ ቃል የላቸውም።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ አመት ስንት ሚኒባስ፣ ስንት አይሱዙ፣ ስንት የግቢ በር ቀብቼ ያዋረደችኝ ግን ከጉልበት እስከ ወገብ እንኳን ማትሞላ አንዲት የብረት በር ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ብዙ አመት የኖረ ሰው ሃይቁ ዳር ካፌ ሊከፍት እቃ በኮንቴነር ሲያስመጣ ሁለት የድሮ የጌም ማሽን አብሮ ጭኖ መጣ፣ አርኬድ ሚሉትን፣ ቁም ሳጥን የሚያክል የእንጨት ሳጥን ሆኖ ላዩ ላይ ቲቪ ያለው፣ ቆመህ ምትጫወተው። እናንተ ጌም ሲባል ሚመጣላችሁ ፕሌይስቴሽን ነው፣ እኛ ደግሞ ጆተኒ ነው ምናውቀው፣ ሳንቲሙን ለልጁ ትሰጣለህ እሱ ኳሱን ይለቅልሃል፣ ጣልያኖች የጨዋታ ሳንቲምን ጀቶኔ ነው ሚሉት፣ ከስሙ እዩት። አርኬዱ ግን ተቀባይ ልጅ የለውም፣ ተቀባዩ በሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ፓክማን ጃፓን ውስጥ ከወጣ በኋላ ባለው ጊዜ የተሰራ ነው አለኝ ሰውየው፣ ልጅ ሆኖ እንደዚህ አይነት ላይ ስንት ኳርተር፣ የአሜሪካ 25 ሳንቲም ማለት ነው፣ እንደጨረሰ እየነገረኝ ይስቃል።

በሯ ጥቁር ብረት ናት፣ ላይዋ ላይ ሁለት የሳንቲም ቀዳዳ፣ ከስራቸው ሳንቲም ሚመለስባት ትንሽ ክዳን፣ ከቀዳዳው አጠገብ ብርቱካናማ ፕላስቲክ አለ፣ 25 ተጽፎበት ከኋላው አምፖል ሚበራበት፣ ሳንቲም ተይዞ ሲቀር እሱን ስትጫነው ይለቀዋል። መርከብ ላይ ይሁን መጋዘን ውሃ ነክቷት ታችኛው ጠርዝ በዝገት ተበልቷል፣ ቁልፏ ጠፍቷል፣ አንዱ ደግሞ ድሮ በካቻቢቴ ሊፈለቅቃት ሞክሮ ጥጉ ጋ ተጣማለች። "ጋሼ አዲስ አድርግልኝ" አለኝ። ይሄን ቃል ስትሰሙ ፍሩ።

እኔማ አዲስ አደረግኩለት። ጠማማውን አቃናሁ፣ ስቱኮ ሞላሁ፣ በ400 በ800 ብርጭቆ ወረቀት ለስላሳ አድርጌ ጥቁር የመኪና ቀለም በክሊር፣ ከላይ በሚረጨው ማንጸባረቂያ፣ ረጨሁት፣ ፊትህን ታይበታለህ። ውስጡን ቀባሁ፣ ማጠፊያውን ቀባሁ፣ ያ ቢጫ ሚመስል፣ እንዳይዝግ ዚንክ የነካውን የውስጥ ብረት ሁሉ ሳይቀር ቀባሁ። ፕላስቲኩን ቆሻሻ አለው ብዬ በቲነር ጨርቅ ጠረግኩት፣ አይኔ እያየ እንደ ታመመ አይን ደፈረሰ። ሰውየው መጣ፣ አየ፣ በእጁ ዳሰሰው፣ ዝም አለ። ከዛ "ጋሼ በጣም ያምራል፣ ግን ሌላ ነገር ሆነ" አለኝ። ኳርተር አወጣና ከተተ፣ ግማሽ መንገድ ሄዳ ቆመች። የቀዳዳው ከንፈር ላይ ቀለሜ ወፍሮ ነበር፣ ውስጥም መሄጃውን ቀብቼዋለሁ እኮ። ተናድጄ ነው የወጣሁት፣ እሱ ላይ ሳይሆን እራሴ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር ግን መጀመሪያ እሱ ላይ ነበር።

ኳርተር ማለት 24.26 ሚሊሜትር ስፋት 5.67 ግራም ክብደት ነው፣ ያ የሳንቲም መቀበያ ደግሞ ኤሌክትሪክ እንኳን የለውም፣ ሁሉን በብረት ቅርጽ ነው ሚለየው። ወፍራሙ አይገባም፣ ቀላሉ ሚዛኗን አያዞርም፣ መሃል ላይ ማግኔት አለ፣ ትክክለኛው ሳንቲም በማግኔቱ ፊት ሲያልፍ ትንሽ ፍጥነቱ ይቀንስና ልክ ቦታው ላይ ይወድቃል፣ ብረት ያለበት ውሸት ሳንቲም ከሆነ ተለጥፎ ይቀራል። እኔም ለመሞከር ኪሴ ውስጥ የነበረችውን የኛን ሳንቲም ከተትኩባት፣ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈች። በዛች ቀጭን መንገድ ላይ የኔ ቀለም ምን ያህል ግድግዳ እንደሆነ አስቡት።

ስለዚህ እንደገና፣ በራሴ ኪሳራ። ሰውየውን ስልክህ ላይ ያልተነካች በር ፎቶ ካለህ አሳየኝ አልኩት፣ አሳየኝ፣ ለካ መጀመሪያም ለስላሳ አልነበረችም፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥ ያለች ማት፣ ማታብለጨልጭ ጥቁር ናት፣ የሰው ጉልበትና ጫማ ሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ ጭረት እንዳይታይ ተብሎ ነው። እኔ የሚያንጸባርቅ ሳደርግላት አንድ ሳምንት ማትቆይ በር እየሰራሁ ነበር። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እናንተ ግን ጠይቁ፣ ስራ ስትቀበሉ ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት ይሄ ነገር ምን ይነካዋል፣ ማን ይረግጠዋል፣ የት ይቆማል በሉ።

እንዴት እንደሰራሁት ልንገራችሁ፣ አንድ ቀን ይገጥማችሁ ይሆናል፣ ባይገጥማችሁም የሆቴል መዝናኛ ማሽንም የጋራዥ ካዝናም ያው ነው።

መጀመሪያ ከኤሌክትሪክ ንቀሉት። ማሽኑ የአሜሪካ ነው፣ 120 ቮልት፣ የኛ 220 ነው፣ ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት ጭስ ነው። በሩን ስትፈቱ አምፖሉና ማይክሮስዊቹ፣ ሳንቲም ሲያልፍ ሚጫናት ትንሿ ማብሪያ፣ ጋ ሚሄዱ ሽቦዎች አሉ፣ ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ሁለት ሶስቴ፣ ከተለያየ ጎን። ከኋላ ያለውን የድሮ ቲቪ ደግሞ እንዳትነኩ፣ ተነቅሎም ውስጡ ቮልት ይዞ ይቆያል፣ እሱ የኛ ስራ አይደለም፣ የቲቪ ጠጋኝ ጥሩ።

ቁልፉ ከጠፋ በመዶሻ አትምቱ፣ በሩ ይጣመማል፣ ቁልፉ ሚገባበትን መሃሉን በድሪል ብሱትና አዲስ ግጠሙ። ሁሉም ብሎን በየከረጢቱ፣ የቱ ከየት እንደሆነ ተጽፎ። ፕላስቲኩ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ብቻ፣ ቲነር አይነካውም፣ የኔን ደፍራሳ ፕላስቲክ ዛሬም ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ፣ ልጆቹ ምንድነው ብለው ሲጠይቁኝ ትንሽ ያሳፍረኛል። የሳንቲም መቀበያውን ደግሞ ዘይት እንዳትሉት፣ ዘይት አቧራ ይሰበስብና ከሳምንት በኋላ ሊጥ ይሆናል፣ በአልኮል ጠርጋችሁ ደረቅ ተዉት።

ዝገቱን በግራይንደር እንዳትሄዱበት፣ ላሜራው ቀጭን ነው፣ ትሞቃለች ትወጣጠራለች። እኔ አቼቶ ውስጥ ነው ያሳደርኳት፣ የሰላጣ አቼቶ፣ በሰፊ ሳፋ፣ ጠዋት ላይ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ እንደ ጭቃ ይወርዳል። ሎሚም ይሰራል ግን ስንት ሎሚ ትጨምቃለህ። አንድ ነገር ግን፣ ዚንክ የነካውን ብረት አቼቶ ውስጥ አትክተቱ፣ ዚንኩን ይበላዋል፣ እሱን ማዳን ነው እንጂ ማላጥ አይደለም። ከአቼቶ ሲወጣ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ እጠቡ፣ ጸሃይ ላይ ወዲያው አድርቁ፣ በዛው ቀን አንቲረስት፣ ዝገት ሚከላከለው የመጀመሪያ ቀለም፣ ካልነካው ሃይቁ ዳር ነን እኮ፣ ማታውን ቢጫ ያወጣል። የድሮ ፋብሪካ ቀለም ሊድ ሚሉት መርዛማ ነገር ሊኖረው ይችላል፣ በደረቁ አትፈቅፍቁት፣ እያረጠባችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ። ሃርድነር፣ ማጠንከሪያ፣ ያለው ቀለም ስትረጩ ደግሞ ጨርቅ ማስክ ምንም አያደርግም፣ ጋዙን ሚያጣራ ካርትሬጅ ያለው ይሁን። እኔ ሰላሳ አመት ፎጣ አፌ ላይ አስሬ ረጨሁ፣ አሁን ጊዮርጊስ ደርሼ ስመለስ መሃል መንገድ ላይ ቆሜ እተነፍሳለሁ።

አሁን ወደ ጎርበጡ። ይሄን ለመልመድ አሮጌ ላሜራ ላይ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በደንብ ከተፈቀፈቀና አንቲረስቱ ከደረቀ በኋላ አንድ ለስላሳ ማት ጥቁር ትረጫላችሁ፣ መጣበቅ እስኪጀምር ትጠብቃላችሁ፣ ከዛ ቀለሙን ወፈር አድርጋችሁ የኮምፕሬሰሩን አየር ትቀንሱታላችሁ፣ ለመኪና ሁለት ሶስት ባር ከሆነ ለዚህ ከአንድም በታች፣ ከግማሽ ሜትር ርቃችሁ። አየሩ ሲደክም ቀለሙን መበተን ያቅተዋል፣ እንደ ጭጋግ መሆን ትቶ እንደ ጠብታ ይወድቃል፣ ጢስ ጢስ ጢስ ይላል፣ ብረቱ ላይ የጤፍ ፍሬ የተበተነ ይመስላል። እዛ ላይ ነው እጅን ማቆም። አንድ ዙር ብትጨምሩ ፍሬው ተገናኝቶ ይፈስና ለስላሳ ይሆናል፣ ሁሉ ነገር ወደ ዜሮ። እኔ ሁለተኛውን ጎን ልጀምር ስል መብራት ሄደ፣ ኮምፕሬሰሩ የቀረችውን አየር ጨርሳ ዝም፣ በሯን ግማሽ ጎርባጣ ግማሽ ልሙጥ ይዤ ሶስት ሰአት ጠበቅኩ፣ መብራቱ ሲመጣ ቀለሙ ደርቋል፣ ፈቅፍቄ ከመጀመሪያ። በነገራችን ላይ ያ ሶስት ሰአት ጠቀመኝ፣ ቁጭ ብዬ የሰውየውን ፎቶ ሳየው የሳንቲሙ ቀዳዳ ዙሪያ ብረቱ ጭራሽ ቀለም እንደሌለው ያኔ ነው ያየሁት፣ ብርማ ፍሬም ነው። በስኮች ሸፈንኩት፣ ቀዳዳውን በተጠቀለለ ወረቀት ደፈንኩት፣ የውስጡን ሁሉ ተውኩት።

ሰአት ምረጡ። ክረምት ላይ ቀለም መርጨት እርጥበቱ ነጭ ጥላ ያስቀርበታል፣ የግድ ካልሆነ ተዉት። በጋም ቢሆን ቀጥታ ጸሃይ ላይ የጋለ ብረት አትርጩ፣ ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ ጸሃያችን ቀልድ አይደለችም፣ ቲነሩ ቶሎ ይተንና ቀለሙ ይፈላል። ከሰአት በኋላ የሃይቁ ንፋስ አቧራ ያመጣል፣ ማታ መብራት ካበራችሁ ትንኙ ሁሉ እርጥብ ቀለም ላይ ይሰፍራል። ጥቅምት ህዳር፣ ጠዋት ከሶስት እስከ አምስት ሰአት፣ ከዛ ውጪ እኔ አልረጭም።

ሰውየው ሲመጣ ምንም አላልኩትም፣ ኳርተሯን ብቻ ሰጠሁት። ከተታት፣ ቀጭ አለች፣ ውስጥ ተንከባለለች፣ ታች ሳጥኗ ውስጥ ቀጨል ብላ ወደቀች። ጥጉ ጋ የነበረውን የካቻቢቴ ጠባሳ አቃንቼው እንጂ አልሞላሁትም ነበር፣ በጣቱ ዳሰሰውና ሳቀ። ብር ጨምሮ ሊሰጠኝ ፈልጎ እምቢ አልኩት፣ መጀመሪያ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ ይሄን ስትሰማ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

የሁለተኛው ማሽን በር አሁን እኔ ጋ ናት፣ ይሄን ስጽፍ አቼቶ ውስጥ ተኝታለች። ነገ ጠዋት አወጣታለሁ፣ ደመናው ከዘጌ በኩል ካልመጣ።